ቆጡ ውስጥ የተደበቀው፦ ዶሮዎቼን ከቀዩ ማይት ለማላቀቅ የሠራሁት ሥራ

ቢሾፍቱ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤታችን ውስጥ እንቁላል የሚበላ ስለሌለ የቅርጫቱን መጉደል ቶሎ ልብ አላልነውም። በጥር ወር በቀን 6፣ አንዳንዴም 7 እንቁላል እሰበስብ ነበር፤ ዛሬ ያገኘሁት 3 ነው። ከሦስቱ የሁለቱ ቅርፊት ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያነሱ የደረቁ የደም ነጠብጣቦች አሉ። መጀመሪያ ዶሮዋ ስትጥል የደማች መስሎኝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ዶሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ማንም ሳይነዳት ወደ ቆጧ ትገባለች። የእኔዎቹ ግን ይኸው አራተኛ ማታቸው፣ በሩ ላይ ቆመው ይንጫጫሉ እንጂ አይገቡም። ሁለቱ ጭራሽ ሎሚው ዛፍ ላይ ማደር ጀምረዋል። ሸለምጥማጥ ገብቶ አስደንግጧቸው ይሆናል ብዬ አጥሩን ዞሬ አየሁ፤ የተቀደደ ቦታ የለም።

ያሉኝ 11 ናቸው። 8ቱ በ45 ቀናቸው ገዝቼ ያሳደግኳቸው ሳሶዎች፣ 2ቱ የእናቴ የሐበሻ ዶሮዎች፣ አንዱ አውራ ዶሮ። ቤታቸው 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ቆጡ ልጣጩ ያልተነሣለት የባሕር ዛፍ አጣና ሲሆን ከማገሩ ጋር በልጥ ታስሯል። ይህን ልጣጭና ይህን ልጥ ያዙልኝ።

እማዬ አንዷን ዶሮ አንሥታ ክንፏን ገለጥ አድርጋ "ቅማል ነው" አለች። በእኛ ቤት የዶሮ ተባይ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ወይ ቅማል ነው፣ ወይ ቅንቅን ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ አመድ። ማታውኑ ከምድጃ ያወጣችውን አመድ ነፍታ ክንፋቸው ሥር በተነችላቸው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

በአመዱ ምንም ለውጥ አላየሁም። ሳሶዎቹ ዛሬም 2 እንቁላል ብቻ ጣሉ። ልጄ እንቁላል ልትሰበስብ እጇን አስገብታ ስታወጣ ክንዷ ላይ የሆነ ነገር ሲርመሰመስ ተሰማት፤ ስታሻሸው ቆዳዋ ላይ ቀይ ጭረት ተወ። የራሷ ደም አልነበረም።

ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖር የእንስሳት ሕክምና ተማሪ አለ፤ የሚማረው እዚሁ ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ማጉያ መነጽሩን ይዞ መጣና ሁሉንም አንድ በአንድ አየናቸው። እሱ ይዞ ላባቸውን ወደ ኋላ ሲገልጥ እኔ እጽፍ ነበር።

አውራው ላይ እውነተኛ ቅማል አለ። ገለባ የመሰለ ቀለም ያላቸው ናቸው፤ ላባው ሲገለጥ ከብርሃን ይሸሻሉ። ከጅራቱ ሥር ባሉት ላባዎች ግንድ ላይ ነጭ ጨው የተጋገረ የሚመስል ነገር ተለጥፏል፤ እሱ እንቁላላቸው ነው። እማዬ አልተሳሳተችም ማለት ነው፤ ያልተሳሳተችው ግን በአውራው ብቻ ነው።

አሮጊቷ የሐበሻ ዶሮ እግሯ ላይ ያለው ቅርፊት ተነሥቶ፣ አመድ የተለሰነበት መስሎ ሻክሯል። እኔ ያረጀ ዶሮ እግር እንዲህ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ተማሪው ይህን የሚያመጣው ማይት የሚባል፣ ከቅማል የተለየ፣ ቅርፊቱ ሥር ገብቶ የሚኖር ደቃቅ ተባይ ነው አለኝ፤ ይህ ዓይነቱ ክኒሚዶኮፕተስ ይባላል። ከዓመት በላይ አብራን ስትንገላታ ኖራለች። ሳላውቅ መቅረቴ እስከ አሁን ያሳፍረኛል።

ያስጨነቀችን ግን ነጯ ሳሶ ናት። ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እንደ ሊጥ ነጥቷል፤ ስትያዝ እንኳ አትታገልም። ሰውነቷን ከአንገት እስከ ጅራት ፈለግን፤ ሁለት ሦስት ቅማል ካልሆነ በቀር የለባትም። ተማሪው ከጅራቷ ሥር ደጋግሞ አየ። "የሰሜን የዶሮ ማይት" የሚባል ዕድሜውን በሙሉ ዶሮዋ ላይ የሚኖር ዝርያ አለ አለኝ፤ እሱ ቢሆን ኖሮ እንቁላል መጣያዋ አካባቢ ያለው ላባ በእዳሪውና በደም ጠቁሮ ይገኝ ነበር። የእሷ ግን ንጹሕ ነው።

ሲወጣ "እትዬ፣ በቀን ዶሮዋ ላይ ካጡት፣ ማታ ቤቷን ይዩ" አለኝ።

የካቲት 21፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

ይህን የምጽፈው እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤ ነው።

በስልኬ መብራት ገባሁ። ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ ቆመዋል፤ አልተኙም። እግራቸውን ያነሣሉ፣ ደረታቸውን ይነቅሳሉ፣ ይናጣሉ። ነጭ ጨርቅ አጥፌ ከአጣናው በታች በኩል ካንዱ ጫፍ እስከ ሌላው አሻሸሁት። ጨርቁ ደም በደም ሆነ።

ከዚያ ልጣጩን በቢላ ጫፍ ፈልቀቅ አደረግሁ። ሥሩ አመድ የመሰለ ነገር ሞልቷል፤ መብራቱ ሲያርፍበት አመዱ ተንቀሳቀሰ። የልጡን ቋጠሮ ስፈታው ከውስጡ የፈሰሱትን ቁጥር መግለጽ አልችልም። ደም ያልጠጡት ግራጫ ናቸው፤ የጠጡት ደግሞ ቀይ። አንዱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ተማሪው ማጉያው ሥር አድርጎ እግራቸውን ቆጠረ፤ 8። "ቀዩ የዶሮ ማይት ነው" አለ፤ በሳይንስ ስሙ ዴርማኒሰስ ጋሊኔ።

ትኋን የሚያውቅ ሰው ይህን ፍጥረት ለመረዳት አይቸገርም። ቀን ከእንጨትና ከግድግዳ ስንጥቅ አይወጣም። ሲጨልም ወጥቶ ዶሮዋ ላይ ይሰፍራል፤ ጠጥቶ ይመለሳል። ለዚህ ነው በቀን ዶሮዋን ብትገለባብጣት የማታገኘው፤ ለዚህ ነው ክንፍ ሥር የተበተነው አመድ ያልነካው። ዶሮዎቹ በሩ ላይ ቆመው የሚንጫጩት ውስጥ የሚጠብቃቸውን ስለሚያውቁ ነበር። እንቁላሉ ላይ ያየሁት ደምም የዶሮዋ ማኅፀን ደም አይደለም፤ ዶሮዋ ስትቀመጥበት የፈነዳው ማይት የጠጣው ነው። እማዬ ካስታቀፈቻት ከወጣቷ የሐበሻ ዶሮም ጋር የተያያዘ ነገር አለ። በ14ኛ ቀኗ 12 እንቁላል ትታ ተነሥታ ነበር፤ ሁላችንም "እናትነት የሌላት" ብለን ተቆጣናት። ሌሊቱን ሙሉ እየተበላች 14 ቀን መቀመጧን አሁን ነው የተረዳሁት።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ጠዋት አንድ የእርሻ መድኃኒት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ስለ ማይት ስነግረው ምንም ሳይጠይቀኝ በውኃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ጽሑፍ የሌለበት፣ ሽታው የሚያፍን ፈሳሽ አወጣ። "ለሁሉም ይሆናል፤ ዶሮዎቹንም እንጨቱንም እርጪው" አለኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ዳያዚኖን ነው አለ። ስንት ውኃ ውስጥ እንደሚገባ ስጠይቀው በእጁ ለካልኝ። ሳልገዛ ወጣሁ።

ተማሪው ሲሰማ ደነገጠ። ዳያዚኖን ካለበት ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ለወፍ ዘር ከከብት ይልቅ አደገኛ ናቸው፤ ዶሮ ላይ በግምት ቢረጩ ከማይቱ ቀድማ የምትሞተው ዶሮዋ ትሆናለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ለበግ የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ውጊያቸው ብላኝ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ስለ ዶሮ እንቁላል የተጻፈ ነገር ስለሌለ ያንንም ተውኩት። ለልጄ የማበላውን፣ ለፋሲካ የምሸጠውን እንቁላል በግምት መበከል አልፈልግም።

ይህ ፍርሃት የእኔ ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017፣ በኔዘርላንድና በቤልጅግ ይህንኑ ቀዩን ማይት ለማጥፋት ፊፕሮኒል የሚባል ለምግብ እንስሳት ያልተፈቀደ መድኃኒት ዶሮ ቤቶች ውስጥ ተረጭቶ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከገበያ ተሰብስቦ ተጥሏል። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ፍሉራላነር የሚባል በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ መድኃኒት ለዚሁ ማይት ፈቅዷል፤ በ7 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። እኔ በዞርኩባቸው ሱቆች ግን አላገኘሁትም።

ስለዚህ እጄ ላይ ባለው ልሠራ ወሰንኩ፤ ሙቀት፣ ሳሙና፣ ኖራ፣ ዘይት። ከገበያ ኖራና ድኝ ገዛሁ። ከአናጺ ቤት ሁለት የተላገ ጣውላ አመጣሁ።

ማታ ተማሪው የተባዩን ዕድገት አስረዳኝ፤ ዕቅዴ የቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ ልጻፈው። ሴቷ ደም በጠጣች ቁጥር ከ4 እስከ 8 እንቁላል ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። በሁለት በሦስት ቀን ይፈለፈላል። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመውለድ እስኪደርስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። አንድ ጊዜ አጥቦ መተው ዋጋ የለውም ማለት ነው፤ ዛሬ ከእንቁላሉ ያልወጣው በሳምንቱ እናት ይሆናል። ደግሞም ያለ ምግብ ወራት ይቆያል፤ እስከ 8 ወር። ዶሮዎቹን ለጥቂት ሳምንት ሌላ ቦታ አሳድሮ ቤቱን ባዶ መተውም አያስርበውም።

የካቲት 23፣ እሑድ

የዓድዋ በዓል ነው፤ ሁላችንም ቤት ነን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረን ፀሐይ እስክትገባ ሠራን።

መጀመሪያ ዶሮዎቹን አስወጥተን ጓሮ ለቀቅናቸው። ከዚያ ከቤቱ ውስጥ የሚነቀል ሁሉ ተነቀለ፤ ቆጡ፣ ልጡ፣ ጉዝጓዙ፣ የእንቁላል መጣያው ሣጥን። እዚህ ላይ ፍጥነት ያስፈልጋል። አጣናውን በእጄ ተሸክሜ ግቢውን ሳቋርጥ ማይቶቹ እየረገፉ ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ሁሉንም በማዳበሪያ ጠቅልለን አወጣንና ከቤቱ ራቅ አድርገን አቃጠልነው። ልጥ ሲቃጠል ይንጣጣል፤ ያን ድምፅ ስሰማ የተሰማኝን እፎይታ አልደብቅም።

ውኃው በሦስት ጉልቻ ላይ በትልቁ በርሜል ሲፈላ ግድግዳውን በብረት ብሩሽ ፋቅን። የፈላውን በባልዲ እየቀዳን ከማገሩና ከቋሚው መጋጠሚያ፣ ከበሩ ማጠፊያ፣ ከቆርቆሮው ሥር ካለው እንጨት ላይ አፈሰስን። በኔዘርላንድና በኖርዌይ ትልልቅ ዶሮ ቤቶችን ባዶ ሳሉ ከ45 ዲግሪ በላይ አሙቀው ነው ይህን ማይት የሚገድሉት፤ እኛ ያንን ማድረግ ስለማንችል የፈላ ውኃ በየስንጥቁ ማስገባት ነበረብን። ጭቃ ግድግዳ ላይ ብዙ ውኃ ሲፈስ ይናዳል። አንዱ ማዕዘን ተንዶብን በኋላ በጭድና በጭቃ መረግነው። ሥራው የበዛብን እዚያ ላይ ነው፤ ግን የተናደው ምርጊት ውስጥ ያየሁት የማይት ብዛት ድካሜን አስረሳኝ። ባይናድ ኖሮ አላየውም ነበር።

ከዚያ ፈሳሽ ሳሙና በውኃ በጥብጠን በእጅ መርጫ እንጨቱን ሁሉ እስኪንጠባጠብ አራስነው። የሳሙና ውኃ የሚነካውን ብቻ ነው የሚገድለው፤ ከደረቀ በኋላ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ቸኩሎ መርጨት ከንቱ ነው።

ኖራውን ውኃ ውስጥ ቀስ እያልን ጨምረን፣ በጓንትና በመነጽር፣ ግድግዳውንና እንጨቱን ሁለት ጊዜ ቀባን። የኖራው ጥቅም ስንጥቁን መድፈኑ ነው፤ በተጨማሪም ነጭ ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ ከሩቅ ይታያል።

ቆጡን እንደ አዲስ አሰብኩት። የተላገው ጣውላ ከግድግዳው ጋር አይገናኝም፤ በራሱ አራት እግሮች ላይ እንደ አግዳሚ ወንበር ይቆማል። እያንዳንዱ እግር የተጠበሰበት ዘይት ባለበት የሳልሳ ጣሳ ውስጥ ገብቷል። ማይት ዘይት አይሻገርም። በልጥ ፈንታ ሚስማር ተጠቀምን፤ ቋጠሮ ከእንግዲህ እዚያ ቤት አይገባም።

ጣውላው ጫፍ ሥር አራት የካርቶን ቁራጭ አሰርኩ። ካርቶን ውስጡ ቦይ ቦይ ስላለው ማይት መደበቂያ አገኘሁ ብሎ ይገባል። በየሳምንቱ ካርቶኑን ፌስታል ውስጥ ከትቼ፣ ነጭ ሰሐን ላይ አራግፌ እቆጥርና አቃጥለዋለሁ።

ኖራው እስኪደርቅ ዶሮዎቹን ሁለት ሌሊት በረንዳ ላይ ካርቶን ውስጥ አሳደርናቸው። ካርቶኖቹም ተቃጠሉ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ነጯ ሳሶ ሌሊቱን ሞተች። ትናንት ውኃ በማንኪያ አጠጥቻት፣ የተከተፈ ጎመን አቅርቤላት ነበር፤ አልነካችውም። ተማሪው የዓይኗን ሽፋን ገልጦ አሳየኝ፤ ወረቀት መስሏል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ዶሮ በደም ማነስ ይገድላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። አንድ ሳምንት ቀድሜ ማታ ገብቼ አይቼ ቢሆን ትተርፍ ነበር። ሎሚው ሥር ቀበርናት።

የቀሩት 10 ወደ ቤታቸው ገቡ። ሲመሽ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አውራው መጀመሪያ አንገቱን ብቻ አስገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። ሌሎቹ ተከተሉት። ማንም አልተንጫጫም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

አውራው አንዱን ጣሳ ደፍቶ ደረቱን በዘይት ቀብቶ አገኘሁት። በጣሳዎቹ ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ሰፊ ክዳን እንደ ጃንጥላ አድርጌ በየቆጡ እግር ላይ መታሁ፤ አሁን አቧራም አይገባበትም።

የአውራውን ቅማል ለብቻው ነው የያዝነው። ቅማል ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ሰውነቱ ላይ ስለሚኖር፣ እዚህ ላይ የእማዬ መንገድ ይሠራል፤ ድኝ ጨመርንበት እንጂ። በፕላስቲክ ሳፋ 5 ጣሳ የተነፋ ደረቅ አፈር፣ 3 ጣሳ አመድ፣ 1 ጣሳ የተፈጨ ድኝ ደባልቀን ጥላ ሥር አስቀመጥን። አውራው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ገብቶ ተንከባለለ፤ ሌሎቹ ተራ ያዙ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሪቨርሳይድ ተመራማሪዎች ዶሮ የምትንከባለልበት ሣጥን ውስጥ የሚጨመሩ ነገሮችን አወዳድረው በቅማልና በሰሜኑ ማይት ላይ ድኝ ከሁሉም በልጦ አግኝተውታል። ስደባልቅ ማስክ አድርጌ ነበር፤ የድኝ ብናኝ ዓይንና ሳንባ ይለበልባል።

የአሮጊቷ እግር ሦስተኛው ሥራ ነው። ለብ ባለ የሳሙና ውኃ 10 ደቂቃ ነክሬ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች በቀስታ አጥቤ፣ አድርቄ ቫዝሊን ወፍራም አድርጌ ቀባኋት። ቅርፊቱ ሥር ያለው ማይት አየር አጥቶ ይሞታል። የተነሣውን ቅርፊት መላጥ አይገባም፤ ይደማል። ነጭ ጋዝ የሚቀቡ አሉ፤ ቆዳዋን ያቃጥላታል። በየሦስት ቀኑ ይደገማል።

የካቲት 30፣ እሑድ

የመጀመሪያው ቆጠራ። ከአራቱ ካርቶኖች 63። ከዕጥበቱ በፊት ለሙከራ ለሁለት ሌሊት ካሰርኩት አንድ ካርቶን 400 ደርሼ መቁጠሩን ትቼው ነበር። ሳሙናውን ደገምን፤ የፈላ ውኃ በበሩ ማጠፊያና በቆርቆሮው ሥር።

እንቁላል፦ 4።

መጋቢት 7፣ እሑድ

88።

ደጋግሜ ቆጠርኩ። ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ጨመረ። ከ88ቱ 71ዱ የተገኙት በአንዱ ካርቶን፣ በቀኝ ጥግ ባለው። በሌሎቹ ሦስት ካርቶኖች ያለው ሲደመር 17 ነው። እንግዲህ ቤቱ በሙሉ ተመለሰበት ማለት አይደለም፤ ከቀኝ ጥግ የሚመጣ ነገር አለ። ቀኝ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ወጣቷ የሐበሻ ዶሮ የተቀመጠችበት ቅርጫት ነው።

ይህ ቅርጫት በዓድዋ ዕለት ዶሮ ቤት ውስጥ አልነበረም። ዶሮዋ እንቁላሏን ትታ ስትነሣ እማዬ አራግፋ ኩሽና ሰቅላው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ዶሮዋ እንደገና ዕቅፍ ሲያምራት ጊዜ አውርዳ፣ ጭድ ጨምራ መለሰችላት። እኔም አይቻለሁ፤ ልብ ግን አላልኩም።

ጠርዙን ፈልቀቅ ሳደርገው ሁሉም እዚያ ነበሩ።

እማዬ ዝም ብላ ቆየችና "ለካ እሱ ነው" አለች። ኩሽናው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ነው የምትተኛው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሲያሳክካት ቁንጫ ነው ብላ አልተናገረችም። ዶሮ ሲያጣ ሰውንም ይነክሳል፤ ሰው ላይ ግን አይኖርም። ክንዷ ላይ ያለውን ሽፍታ ሳይ ከእሷ ይልቅ በራሴ አዘንኩ። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ገልጬ ስመረምር፣ እናቴ እንዴት እንደምታድር አልጠየቅኋትም።

ቅርጫቱን አቃጥዪው አለችኝ። የሰፋችው እሷ ናት፣ እኔን ከመውለዷ በፊት። አላቃጠልኩትም። በርሜሉን እንደገና አስፈላንና ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ዘፍቀን፣ በየመሐሉ እያራገፍን፣ ፀሐይ ላይ ሰቀልነው። ኩሽናው ግድግዳና መደቡ በሳሙና ታጠቡ፤ የአልጋ ልብሷ በሙሉ ተቀቀለ። ዶሮ ቤቱም ለሦስተኛ ጊዜ ታጠበ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

እማዬን ዛሬም አላሳከካትም። ቅርጫቱን በነጭ ጨርቅ ሁለት ማታ ፈትነን ንጹሕ ሆኖ ስላገኘነው፣ አዲስ ጭድ ጎዝጉዘን፣ ከጭዱ ሥር ትንሽ የተነፋ አመድ በትነን 12 እንቁላል አስታቀፍናት። ቅርጫቱ መሬት ላይ አይደለም፤ ከራሱ እግርና ከራሱ የዘይት ጣሳ ጋር ነው።

መጋቢት 14፣ እሑድ

22። እንቁላል 5። አውራው ላይ ሕያው ቅማል አላገኘንም፤ የላባው ግንድ ላይ ያለውን የእንቁላል ቅርፊት ግን ነቅለን ማቃጠል ነበረብን።

መጋቢት 21፣ እሑድ

6። የአሮጊቷ እግር ላይ የነበረው አመዳም ነገር በራሱ ጊዜ እየረገፈ ነው፤ ሥሩ ቢጫና ለስላሳ ቅርፊት ይታያል። ቫዝሊኑን አላቆምኩም። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ለመቀየር ወራት ይፈጅበታል።

ጎረቤቴ መጥታ ቆጡን አየች። የእሷም ዶሮዎች ዛፍ ላይ ማደር እንደጀመሩ ነገረችኝ። ነጭ ጨርቅና ባትሪ ይዘን ማታ አብረን ሄድን። የሆነውን ለመናገር ጨርቁን ማሳየት በቂ ነበር። ነገ ልታጥብ ነው፤ በርሜሉን አበደርኳት።

መጋቢት 28፣ እሑድ

1። ግራጫ ነው፤ ደም አላገኘም። እንቁላል 6።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

21ኛ ቀኗ ነው። ከጠዋቱ ጀምሮ ቅርጫቱ ውስጥ ጩኸት ይሰማል። እስከ ማታ 9 ጫጩት ወጣ፤ ሁለት እንቁላል ባዶ ነበር፣ አንዱ ውስጥ ሞቶ ቀርቷል። እማዬ የፈለፈለችውን ዶሮ "የኔ ታጋሽ" እያለች ሽሮ በውኃ በጥብጣ አቀረበችላት።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ጨርቄን ይዤ ገባሁ። ለጫጩት ይህ ማይት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ትንሽ ደም ነው ያላቸው። ከዶሮዋ ሥር እጄን አስገብቼ የቅርጫቱን ወለልና ጠርዝ አሻሸሁ። ጨርቁ ላይ የጭድ ብናኝ ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

0።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ

ዛሬም 0። ዘይቱን ቀየርኩ። እንቁላል 6፣ ሁሉም ንጹሕ ቅርፊት። 20 ለጎረቤት ሸጥኩ፤ ለሌሊቱም ለእኛ ቀርቷል። የጎረቤቴ ሁለተኛ ቆጠራ 40 ነው፤ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አብረን የበሯን ማጠፊያ እናያለን፤ ያላጠበችው እሱን ይመስለኛል።

አራት አዲስ ካርቶን ቆርጬ አሰርኩ።